ጋሼ ታደሰና የሉተራኖቹ መስኮት

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን ኮሎምበስ ዳውንታውን ካለው ከዚያ ጥንታዊ የሉተራን ካቴድራል አጠገብ ስደርስ መኪናዬ በራሷ ፍጥነት ትቀንሳለች። ጎማዋ እንኳ ጋሼ ታደሰን አልረሳቸውም።

ጋሼ ታደሰ ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። ስኳር ግራ ዓይናቸውን ካጠፋው ወዲህ፣ ካሜራ ሲያዩ ፖሊስ እንዳየ ሌባ ይሸሹ ነበር። ልጃቸው ሄለን ልታገባ ስትል ጉድ ፈላ።

«መዳሩን እድርሻለሁ፤ ፎቶ ላይ ግን አልቆምም» አሏት።

«አባዬ፣ ፕሊስ!» እያለች አለቀሰች። አማላጅ አድርጋ እኔን ላከችኝ። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ ይቀለኝ ነበር።

ሙሽራው ሉተራን ስለሆነ ሠርጉ እዚያ ካቴድራል ነበር። ለሪኸርሳሉ፣ ለሠርጉ ልምምድ ማለት ነው፣ ጋሼን ድራይቭ አድርጌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በሩ ዝሆን ከነቤተሰቡ ያስገባል። ጣሪያውን ለማየት ቀና ያደረግኩት አንገቴ እስካሁን አልተመለሰም። ጋሼ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ።

አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። በእኛ አሳሳል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል። ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። ጋሼ በልጅነታቸው ለአባታቸው ቀለም እየበጠበጡ ያደጉት ይህን እያዩ ነው።

መሠዊያው ላይ በእንጨት የተቀረጸውን የመጨረሻውን እራት ሲያዩ ክው አሉ። ሐዋርያቱ እርስ በርስ ሲያወሩ ብዙዎቹ በጎን ነው የሚታዩት።

«አንተ! እነዚህ ሁሉ ይሁዳ ናቸው እንዴ? ለጌታ አንድ ታማኝ እንኳ አላስቀሩለትም!»

«ኢንሹራንሳቸው ሁለት ዓይን አይሸፍንም መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ካልኩ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

«እኔንስ አባቴ ቢኖር ከማን ጋር ይስለኝ ነበር?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከካሜራ የሚሸሹበት ምክንያት ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ባለቀለም መስታወቱ ላይ ገብርኤል እመቤታችንን ያበስራታል። እሷም በጎን ናት፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ነው።

«እመቤቴንም!» አሉና ቆሙ። ተቆጥተው ይወጣሉ ብዬ የመኪና ቁልፌን ያዝኩ። እሳቸው ግን ሰማያዊው ብርሃን ፊታቸው ላይ እንደወደቀ ቆይተው፣

«ዓይን ጎድሏት አይደለም እኮ» አሉ። «ወደሚያናግራት ዞራ ነው። ሌላው ዓይኗ መልአኩ ጋ ነው።»

ለቀብር እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ ቀልዴንም ቁልፌንም ኪሴ ከተትኩ።

የሠርጉ ዕለት ፎቶ አንሺው «ሉክ ሂር!» ሲል ሁላችንም ወደ ካሜራው አፈጠጥን። ጋሼ ብቻ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ካሜራው አንድ ዓይናቸውን አገኘ፤ ሌላውን ያየችው ሄለን ናት።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እኔን ከኋላ እንደ ጻድቅ ተገትሬ አገኙኝ።

«አንተ በሁለት ዓይን የወጣኸው ካሜራው ስላላወቀህ ነው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አሁን ጋሼ በሕይወት የሉም። ፎቶው ሳሎኔ ተሰቅሏል። የሚሰድበኝ ሰው ኮሎምበስን ይሞላል፤ እንደሳቸው አሳምሮ የሚሰድበኝ ግን አላገኘሁም። ስድባቸው ናፈቀኝ።