ተቀምጦ የሚገባበት መኪና

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ገመዱ ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያ ጥግ አንድ ሽማግሌ ሁለት ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ለሽያጭ በቆመ ሚኒባስ የኋላ በር ላይ ዘርግተው ይለካሉ። የታችኛው ቋጠሮ የልጃቸው በባትሪ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ቁመት ነው፤ የላይኛው ልጃቸው ሲቀመጥበት ራሱ የሚደርስበት።

«አብሽሩ አባቴ!» አለ ደላላው ሁዜይፋ። «ወንበሩም፣ ወንበሩን የሚያነሳው ማሽንም ይገባል። ቁመቱ ካልበቃው ልጅዎን አስተኝተው ይወስዱታል።»

«ተኝቶማ አይሄድም» አሉ። «ባለፈው ታሞ በቃሬዛ ስናወጣው ጎረቤቱ የሞተ መስሎት እዬዬ አለ። የገዛ ለቅሶውን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም።»

ሁዜይፋ ሳቁን ዋጠ።

ሽማግሌው ገመዱን ይዘው ባዶው መኪና ውስጥ ገብተው፣ የተቀመጠ ሰው ራስ እንደሚከልል መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉ። የላይኛው ቋጠሮ ጋ ሳይደርስ የእጃቸው ጀርባ ጣሪያውን ነካ።

«መታው» አሉ በሹክሹክታ።

«ወረኢሉ ጣሪያው ከፍ ያለ አለ ይላሉ» አለ ሁዜይፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መርቀውት ወደ ወረኢሉ አውቶቡስ አመሩ። በቀኛቸው ለአንድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃ ቦታ እየተዉ ይራመዳሉ፤ ከፊት የሚመጣው መንገደኛም ሁሉ ሳያስበው ያንን ባዶ ቦታ ዞሮ ያልፋል።