በሩ ሲፋቅ

እዚህ ኮምቦልቻ የተከራየሁበት ግቢ የቆርቆሮ በሩ ሲከፈት ሲሚንቶውን ይፍቃል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሴ፣ እነ ሰይድ ቤት፣ አልጋ ስር ነኝ።

እኔና ሰይድ ሦስተኛ ክፍል ነበርን። እቤታቸው ብይ ስንጫወት የውጭው በር ተፋቀ። ሰይድ "አባዬ መጣ" ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። እኔ ደግሞ አልጋ ስር ገባሁ። እኛ ቤት አባት ሲመጣ የሚደረገው እሱ ነበራ። እናቴን መትቶ እስኪበቃው ድረስ እኔ ከዚያ አልወጣም ነበር።

ሰይድ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ አየኝና "አንተ፣ ድመት ነህ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

አባቱ ጋሽ አህመድ ግን አልሳቁም። ከነጃኬታቸው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙና "አብሽር ልጄ፣ እኔም ያደግሁት አልጋ ስር ነው" አሉኝ።

ገረመኝ። ሰው እንዴት አልጋ ስር ያድጋል? ምሳውን እዚያ ነው የሚሰጡት? ሲረዝምስ እግሩ አይወጣም? ስንት ቀን አሰብኩት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሰይድን አፍንጫውን በቡጢ አልኩት። ስለሳቀብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወደ በሩ ስለሮጠ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው አልሄድኩም፤ ሌላ ጓደኛም አልያዝኩም።

አሁን ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። ቁጣዬም ቅርብ ነው፣ አልዋሽም። ከሥራ ስገባ በሩን ገፋ አደርግና ቆም እላለሁ፤ የልጄ እግር ወዴት እንደሚሮጥ ለመስማት።