አብሾ የጠጣው ወንድሜ

የሰፈራችን እድር ሱስን ከላፍቶ ጠራርጎ ለማጥፋት የተሰበሰበው አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ስብሰባውን የከፈቱት የእድሩ ዳኛ ከወንበራቸው ሲነሱ ትንሽ ተንገዳገዱ። ለብርዱ ብለው ጠዋት አረቄ ቀመስ አድርገው ነበር። አረቄ መቼም ሱስ አይደለም፤ አረቄ የጨዋ ሰው መጠጥ ነው። ሱስ ማለት ጫት ነው፣ እሱም ሌላ ሰው ሲቅመው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መናገር ተፈቅዷል ተብሎ ሁሉም ይናገር ነበር፤ መስማት ግን ገና አልተፈቀደም። በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እናቴ ናት። ምክንያት ነበራት፣ አልፈርድባትም። አባታችን ከሰሜን ጦር ግንባር ሳይመለስ ቀርቷል። መርዶው መጣ እንጂ ሬሳውም፣ የመጨረሻ ቃሉም አልመጣም። ስለዚህ የቤታችን ተስፋ በሙሉ የተከመረው በዚያ ዓመት ማትሪክ በሚፈተነው ታላቅ ወንድሜ ጭንቅላት ላይ ነበር። ጭንቅላቱ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ያነበበውን አይዝም። የሱ መላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ቤት ገብቶ እየቃሙ ማጥናት ሆነ። «ስመረቅን ፊዚክስ ፍንትው ብሎ ይታየኛል» ይለኝ ነበር። በነጋታው ስጠይቀው የሚታየው አልጋው ብቻ ነው።

«ልጄን በሉብኝ!» አለች እማዬ ደረቷን እየደቃች። «ይዘጋ! ዛሬውኑ ይዘጋ!»

የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የታችኛው መንገድ ባለሱቅ፣ ሽማግሌ ሙስሊም አባት። «ቤቱን ብትዘጉት ጫቱ የሚጠፋ መሰላችሁ?» አሉ ረጋ ብለው። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ፣ «ዛሬ ልጅሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ነገ ምን እንደሚወስድ፣ ከማን እንደሚወስድ አታውቂም። ይልቅ ልጆቹን ቁጭ አድርገን እንምከራቸው» አሏት።

ዳኛው «እርስዎማ ምን ያድርጉ፣ ይቅማሉ!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ክርክር ማለት በእኛ ሰፈር ይኸው ነው።

ለጫት ቤት ያከራየ ሰው ከእድር እንዲሰረዝ ተወሰነ። ፖሊስን ማንም አይፈራም። ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚያነሳለት እንደማይኖር የተነገረው ሰው ግን ይፈራል። ጫት ቤቱ ወዲያው ተዘጋ። ይህ ሁሉ ሲወሰን ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው ዳር፣ አስተናግር የሚሉት ተክል ነጭ አበባውን ነፍቶ ቆሞ ነበር። ሰው የሚያሳብድ ተክል ነው። እሱን የከሰሰው የለም።

እማዬ ድሉን ካጣጣመች በኋላ ወደ ለቡ ወረደች። ለቡ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። እዚያ አብሾ የሚያጠጡ አንድ መሪጌታ እንዳሉ ሰምታለች። አብሾ ከዚያው ከአስተናግር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። የጥንት የቆሎ ተማሪ የሰማው እንዳይጠፋው ይጠጣው ነበር ይባላል። የጠጣው ሰው ለቀናት ይቃዣል፣ ሲነቃ ሊቅ ይሆናል። ወይም እንዳበደ ይቀራል። እማዬ ይህን ሁለተኛውን አልጠየቀችም።

«እማዬ፣ ይሄም እኮ ያው ነው» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ! ይሄ ለትምህርት ነው፤ ያ የዱርዬ ነው።»

እንዲህ አድርጋ ሕጉን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሥልጣን በሬዲዮ ሲያብራራ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ያለ አልገጠመኝም።

ወንድሜ ማትሪኩ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠጣው። ሥርዓት አለው ለካ፤ የጠጣው ሰው ሲቃዥ አጠገቡ ሆኖ ትምህርቱን የሚያነብለት ያስፈልጋል። በጥንቱ ጊዜ ዳዊት ይነበብ ነበር ይሆናል። ለእኔ የደረሰኝ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። አንዱን ቃል ሳልረዳ ስለ እንቁራሪት ልብ እጮሃለሁ፤ ወንድሜ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆኖ፣ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይለቅማል። ከግድግዳው ጋር ይጣላል። ስሜን ረሳው። ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ፤ ወንድሜ በቃ አለቀ ብዬ መስመር እየዘለልኩ ነበር የማነበው። እማዬ «አንብቢ! አታቋርጪ!» ትለኛለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ከሰዓት በኋላ ድንገት ክሩን መልቀም ተወ። ወደ በሩ አይቶ ፈገግ አለ።

«እማዬ፣ ተነሺ፣ ወንበሩን ልቀቂለት።»

«ለማን?»

«ለአባዬ ነዋ! ቆሟል እኮ።»

እማዬ ተነሳች። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ባዮሎጂው ከእጄ ወደቀ። ወንድሜ ወደ ባዶው ወንበር አዘንብሎ ብዙ አዳመጠ። ሳቀ፣ ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ እማዬን አያትና፣ «እሺ አባዬ፣ እነግራታለሁ» አለ።

«ምን አለህ? በሞቴ፣ ምን አለህ?» ብላ እግሩ ሥር ወደቀች። እሱ ግን ተመልሶ ክሩን መልቀም ጀምሯል።

አእምሮው ሲመለስለት ማትሪኩ አልፎ ነበር። መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደሉ ይደበዝዝበታል። የእድሩ ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። ዳኛው ከንፈራቸውን መጠጡና «አያችሁ የጫትን ነገር!» አሉ። እዚያው ቤታችን ቁጭ እንዳሉ ሺሻም እንዲታገድ ተስማሙ። ባለሱቁም ስኳር ይዘው መጡ፤ «አላህ ያሽረው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገሩም። እማዬ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

በዓመቱ እንደገና ተፈተነ። ውጤቱ የትም አላደረሰውም፤ የሚኒባስ ሹፌር ሆኖ ቀረ። የሚገርመው እማዬ ማትሪኩን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። የምትጠይቀው ሌላ ነው። ምሳ አቅርባለት፣ ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ አባትህ ምን ንገራት አለህ?» ትለዋለች።

«እማዬ ሙች፣ ከዚያን ቀን ምንም አላስታውስም።»

የሰማው እንዳይጠፋው ነበር እኮ ያጠጣችው።

አንጀቴ አልችል ቢል፣ «አንድ ነገር ፈጥረህ ንገራትና ትረፍ» አልኩት። እሺ ብሎ በማግስቱ፣ «እማዬ፣ ትዝ አለኝ። ልጆቼን ስላሳደግሽልኝ እግዜር ይስጥሽ በላት ነው ያለኝ» አላት።

እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየችው።

«ውሸትህን ነው። አባትህ እንዲህ አይናገርም» አለችው። ጉርሻውን አፉ ውስጥ ከተተችለት። «ብላ፣ ግድ የለም። ስታስታውስ ትነግረኛለህ።»