ጦጣ የሚፈራው ሳል

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ካረፉ ወዲህ የጓሯችን በቆሎ እሸት ያዘ። ጦጣዎቹም ከባሮ ዳር ዛፎች እየተንጋጉ መጡ።

ጋሼ ወንጭፍም ድንጋይም አያነሱም ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ገና በሩን ሳይከፍቱ ይስላሉ። ያን ጊዜ አጥሩ ላይ የተደረደረው ጦጣ ሁሉ ማንጎው ላይ ዘሎ ይጠፋል። "ጋሼ፣ ይሄ ሳል ደግ አይደለም፤ ሆስፒታል እንሂድ" ስላቸው ይስቁብኛል።

"እሱን ካዳኑብኝ በቆሎውን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?"

በመጨረሻ እሺ ሲሉ ጊዜው አልፎ ነበር።

አሁን እጮኻለሁ፤ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። ጦጣ የሴት ጩኸት አይፈራም የሚሉት እውነት ነው። ዞር ብለው ያዩኝና መሸልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። ትናንት ጠዋት የማደርገው ቢጠፋኝ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ልክ እንደ ጋሼ ሳልኩ። አንዱም ንቅንቅ አላለም።

ባለቤታቸው እትዬ ግን ከጓዳ እየሮጡ ወጡ። እንደ ልማዳቸው ለጋሼ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ይዘዋል። እኔን ሲያዩ ቀጥ አሉ። እኔም ኩባያውን ተቀብዬ ውሃውን ጠጣሁላቸው።