ሁለት ጊዜ የተጠራው አያት

ጉራ ነው የሚለኝ ይበለኝ፤ በእህቴ ልጅ በትዋብ እኮራለሁ። ያደገችው እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚባለው ሰፈር ነው። ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አባቷ አባባ ጎሹ ደግሞ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ልማድ፣ እኛ ዘንድ ሰው ከመጋባቱ በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። አባባ ጎሹ የወንዱንም የሴቷንም አያቶች በቃላቸው ይጠራሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተጠራ ሠርግ የለም።

መርሳት ሳይጀምራቸው ትዋብ የሚጠሩትን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። ኮሌጅ በተማረችው ኤክስፓዝ በሚባል መጠየቂያ ቋንቋ፣ በቋንቋው የመጀመሪያ ቅጂ፣ ልክ እንደ አባቷ እንዲቆጥር አደረገችው፦ የሁለቱን ወገን አያቶች ሰብስብ፣ የተደገመ ካለ ንገረኝ። መጀመሪያ የሞከረችው፣ አባቷን መርሳት ከጀመራቸው በኋላ፣ በራሷና በእጮኛዋ በማታን ነው። ማታን ሳቂታ ልጅ ነው፤ እኔም ከልቤ ወድጄው ነበር። ኮምፒውተሩ የተደገመ የለም አለ። እልል ብለን አዳራሽ ያዝን።

ሠርጉ ሲቃረብ ፕሮግራሙን በቋንቋው አዲስ ቅጂ እንደገና ጻፈችው። ቢተው የሚባል ሰው ሁለቴ ወጣ፤ ለእሷ ስድስተኛ፣ ለማታን ሰባተኛ አያት።

«ያ ኮምፒውተር ዋሽቶ ነው?» አልኳት። አክስቷን በዕብራይስጥ ዶዳ ነው የምትለኝ።

«አልዋሸም፣ ዶዳ። በመጀመሪያው ቅጂ የሚሰበሰበው ስብስብ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት በር ቢመጣም አንዴ ብቻ ይያዛል። ድግግሞሹን ራሱ ያጠፋዋል፣ እኔ ደግሞ ድግግሞሽ ፈልግ እለዋለሁ! ከሁለተኛው ቅጂ ወዲህ ግን ተርታ አለ፤ ሁለቴ የተጠራ ሁለቴ ይቆማል።»

«ታዲያ ማን አየሽ? ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ማታንም «ዜ ሎ ሜሻኔ፣ ለእኔ ምንም አይለውጥም» ብሎ ለመናት።

«ለአባቴ ይለውጣል» አለች።

አባባ ጎሹ ያኔ የእኔንም ስም ይረሱ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ በእሳቸው ዜማ፣ መጀመሪያ የእሷን ወገን ቀጥላም የማታንን ጠራች። ቢተው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚ፣ ልጄ። የማን ሠርግ ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባባ።»

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። አዳራሹን በማግስቱ ሰረዝነው።

በጸደይ መለሰ የሚባል ጎረቤታችን ልጁን ሊድር አባባ ጎሹ ዘንድ መጣ። እሳቸው በጣታቸው ወደ ትዋብ አመለከቱት፦ «ቆጣሪዋ እሷ ናት።» በዘመናችን ሴት ዘር ስትቆጥር ያየ አልነበረም፤ የእኔን ኩራት አትጠይቁኝ። ትዋብ በተርታ ጠራች፤ ማንም አልተደገመም። ቀድማ እልል ያለችውም እሷ ናት።