የእትዬ መርፌ ጥፍር

እትዬ መርፌ በየማለዳው የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው፣ ክር ከመሰካታቸው በፊት፣ ቀኝ እግራቸውን ግራ ጉልበታቸው ላይ ያወጡና የትልቁን ጣት ዳርና ዳር ጫን ጫን ያደርጋሉ። ካላመማቸው «እሰይ» ይላሉ ለራሳቸው። ከዚያ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ሥራ ይጀምራሉ።

«መርፌ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ነው። ሥራቸው ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ምላሳቸውም ይወጋል። ሱቃቸው ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ያኖረቻቸው ያቺ መኪና ናት፤ መኪናዋን የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ ቀኝ እግራቸው ነው።

ነገሩ ሲጀምር ቀላል ነበር። ጫማቸው ጠበባቸውና የትልቁ ጣት ጥፍር ጥግ ይቆረቁራቸው ጀመር። እትዬ መርፌ ደግሞ ጥግ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ኮሌታ ሲሰፋ የጥጉ ትርፍ ጨርቅ ካልተቆረጠ ጫፉ ይከመራል፤ ተቆርጦ ሲገለበጥ ግን ልክክ ይላል። ጥፍራቸውንም እንደዚያው አደረጉት። የክር መቀሳቸውን እስከ ጥጉ አስገብተው ክብ አድርገው ቆረጡት። ለጥቂት ቀናት ተሻላቸው። ሲመለስባቸው ከበፊቱ ጠለቅ አድርገው ቆረጡ። ጣቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ሰነባብቶም መግል ያዘ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» አለ ጫማ ሰፊው፣ ጣታቸው ቦታ እንዲያገኝ የጫማቸውን አፍንጫ እየቀደደላቸው።

«አንተ ደግሞ ከጫማ በቀር ስለ እግር ምን ታውቃለህ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን ዛሬ ጫማ ነው ያስቀደዱኝ፤ ነገ ደግሞ ምን ሊያስቀድዱኝ ነው?»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። የስኳር በሽታ አለባቸው። ታላቅ እህታቸውም ነበረባት፤ የእሷ እግር ከጉልበት በታች የተቆረጠው ሰው ሁሉ ከናቀው ትንሽ ቁስል ተነስቶ ነው። እትዬ መርፌ ሐኪም ቤት መሄድን የሸሹትም ለዚሁ ነበር። ካዩት ይቆርጡታል፤ ከቆረጡት መኪናዋ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ሳለ፣ ባዶ የክር ጥቅል ከጠረጴዛው ተንከባሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ያን ያህል የማይከብድ ነገር ትንፋሻቸውን ቁርጥ አደረገው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጣቱን አየች።

«አክስቴ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደለም፣ አንቺ ልጅ። ቀና በይ፣ ወገብሽን ልለካሽ።»

«እማዬም "ምንም አይደለም" ነበር ያለችው።»

እትዬ መርፌ ወገቧን መለካቱን ተዉት። መለኪያውን አንገታቸው ላይ ጥለው ነጠላ ጫማቸውን ፈለጉ።

ሐኪሙ ጣቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ጥፍሩን ማን እንደቆረጠው ጠየቀ። «እኔ ነኝ። እንደ ኮሌታ» አሉት። ስላልገባው አስረዱት። «ለኮሌታው ልክ ነዎት፣ እናቴ። ጨርቅ ግን አያድግም» አለ። ጥጉ ላይ የቀረችው ሹል ስንጥር፣ ጥፍሩ ሲያድግ አብራ አድጋ ሥጋቸው ውስጥ ገብታለች። ገና ሲጀምር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ሰፊ ጫማ ይበቃው ነበር። መግል ከያዘ፣ በተለይ ስኳር ላለበት ሰው፣ ቤት ውስጥ መነካካቱ አደጋ ነው አላቸው።

«ልጄ፣ እግሬን ልትቆርጠው ነው?»

ሐኪሙ የእግራቸውን ጀርባ ዳብሶ የደም ሥሩን ምት አዳመጠ። «ለጊዜው እግርዎ ደህና ነው። ሐሙስ የጥፍሩን ዳር አወጣዋለሁ» አለ። የሰጣቸውን መድኃኒት ይዘው ቤታቸው ሲመለሱ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል አብራቸው ሄደች።

ሐሙስ ጣቱን በማደንዘዣ አደንዝዞ፣ ሥጋ ውስጥ የገባውን ዳር ብቻ ሰንጥቆ አወጣ፤ ዳግም እንዳይበቅልም ሥሩ ላይ መድኃኒት ቀባ። እትዬ መርፌ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ።

«አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ምኑ?»

«እግሬ ነዋ!»

«አለ፣ አክስቴ» አለች አብራቸው የመጣችው የእህታቸው ልጅ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ጨብጣ።

ቁስሉ ለመድረቅ ጊዜ ወሰደ። ዛሬ ጥፍራቸውን ቀጥ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ጥጉን አይነኩትም።

የእህታቸው ልጅ ይህን ልትጽፍ ስትነሳ እትዬ መርፌ መግሉንም፣ የኮሌታውንም ስህተት ፈቀዱላት። «ጻፊው፣ ሌላ ሰው እንዳይሞኝ» አሏት። የከለከሏት አንዲት ነገር ብቻ ናት። በዚያ ሐሙስ ዋዜማ፣ ረቡዕ አመሻሹ ላይ ደንበኛ ሁሉ ሲሄድ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ነበር። ቀኝ እግራቸው ለምዶበት ወደ ፔዳሉ እንዳይሄድ በቁራጭ ጨርቅ ከወንበሩ ጋር አሰሩት። ከዚያ በግራ እግራቸው ሞከሩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ዞረች፤ ክሩ ተበጠሰ፤ እንደገና ሰኩት። በመጨረሻ አንድ ስፌት ወጣላቸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጣመመ።

«መፍራቴን ጻፊ» አሉ። «ስፌቴ መጣመሙን ግን ተዪው።»