ዝናም ያሰርሁበት ጣሳ

አርብ ገበያ የተመደብሁት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። በደርግ ጊዜ ምደባ ማለት ትእዛዝ ነው፤ «አልሄድም» ብሎ ነገር የለም። ፍራሼንና ሻንጣዬን በአህያ አስጭኜ እኔ ከኋላ በእግሬ ገባሁ። የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ሰላም ስላቸው «ደኅና ነሽ፣ መምህርት» ብለው አቀርቅረው ያልፋሉ። አክብሮት ነው አሉኝ። አክብሮት ግን አያጫውት!

የተከራየኋት ክፍል የአንዲት ባልቴት ጓሮ ውስጥ ነበረች። እማማ ነበር የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም አንዱ ለሥራ ሁመራ፣ አንዷ ለባል እያሉ ተበትነውባቸዋል። የገበሬ ማኅበሩ የሰጣቸውን ቁራሽ መሬት በእኩል እያሳረሱ ይኖራሉ። ገና በገባሁ ሰሞን ራቴን ብቻዬን ስበላ በበሩ ብቅ አሉና «ኧረ በስማም! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?» ብለው ሳህኔን አንሥተው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ራቴ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከመከተል ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከአንድ ገበታ በላን። ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቁም፤ በሩን ገፍተው «ነይ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል!» ነው። ጉርሻቸው ጉንጭ ይወጥራል። ገና ሳልውጠው «አንድ ያጣላል» ይሉና ይደግሙኛል። በዚያ አገር የሰው ልጅ መሆኔ ትዝ የሚለኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ቀኑ ግን አያልቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማነጋግረው ስለሌለኝ ሰማይ ማየት ጀመርሁ። ማሠልጠኛው ግቢ የዝናም መለኪያ ነበር፤ የማንበቡ ተራ ሲደርሰኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔም ጓሮው መካከል እንጨት ተከልሁና የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ ክዳኑን ቆርጬ አናቱ ላይ አሰርሁት። ከጎኑ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ እንዲያሳየኝ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠልሁ። ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ ሣጥን የተዋስሁትን ቴርሞሜትር ከጣሪያዬ ክፈፍ ሥር ሰቀልሁ። ያገኘሁትን ቁጥር በራፌ ጀርባ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ለማንም አይጠቅምም። ለእኔ ግን ዛሬ ከትናንት የሚለይበት ነገር እሱ ነበር።

«ዛሬስ ሰማዩ ምን አለሽ?» ይሉኛል እማማ።

«ሞቄአለሁ አለ።»

«እሱንማ አናቴ ነግሮኛል!»

እውነታቸውን ነው፤ የዚያ ዓመት ሙቀት ልክ አልነበረውም። ከበሽሎ ሸለቆ የሚወጣው ነፋስ የምድጃ አፍ ነው። የክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ አይቀመጡበትም፤ የሻማዬ ወገብ ተቆልምሞ አግኝቼዋለሁ። ግንቦት እንዲሁ አለቀ። ሰኔ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ አቧራውን ያስነሣል፣ ከዚያ ጥሎን ይሄዳል። ጣሳዬ ውስጥ ከዝንብ በቀር የገባ የለም። በየማለዳው በእንጨቱ ሥር ተንጠራርቼ እያየሁ፣ ባዶ ጣሳ እንዲህ ሆድ ያስብሳል ወይ እላለሁ።

ምህላ ተያዘ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በአጥራችን ሥር ያልፋል፤ ሲያልፍም ያያል። አፉን ለሰማይ የከፈተ ጣሳ፣ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት እንጨት፣ ከሌላ አገር የመጣች ባል የሌላት ሴት። ምን ቀረ? «ዝናሙን ያሰረችው እሷ ናት» ተባለ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ እንስራዬን የሚያሸክመኝ ጠፋ። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «ጓዶች፣ ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ ሲመታ ደስ አለኝ። ስብሰባው ሲበተን ግን በእኛ አጥር በኩል ማለፉን ትቶ ዞሮ ሄደ።

በእኔ ቢቆም ምን ነበረበት! እማማ ላይ መጡባቸው እንጂ። የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች «እሷን ከጓሮሽ ካላስወጣሽ ጽዋው ቤትሽ አይገባም» አሏቸው። እሳቸው አልነገሩኝም፤ ትምህርት ቤት ነው የሰማሁት። ያንኑ ቀን ቤት ስገባ ጣሳዬ በአፉ ተደፍቶ እንጨቱ ላይ ታስሯል።

«ማነው የነካው?» ብዬ ጮኽሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ከበራቸው። «ምህላው እስኪያልፍ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎም ያምኑታል?»

«እኔ እንጃ። ብናምንም ባናምንም ቢደፋ ምን ይጎዳናል? አንድ ጣሳ ነው።»

«አንድ ጣሳ አይደለም! እዚህ አገር ያለኝ እሱ ብቻ ነው!»

አፌን በቆረጠው! ክው አሉ። ወደ ውስጥ ገቡ፤ ያን ማታም አልጠሩኝም።

በማግሥቱ ዝናሙ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ አንጋጥጬ የጠበቅሁት ዝናም በተደፋው ጣሳዬ ጀርባ ላይ እየጨፈረ ወረደ። ሠፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ደስታም ነበረው፣ ብስጭትም ነበረው። ለሠፈሩ ግን ነገሩ ተረጋገጠ። ጣሳው ተደፋ፣ ዝናሙ ተፈታ። ማን ይከራከራቸዋል?

እንጨቱን ነቀልሁ፤ ጨርቁንም ጣሳውንም አልጋዬ ሥር ወሸቅሁ፤ የበሩን ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። እማማ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝና «ተነሽ ወዲያ፣ ነይ ብይ» አሉኝ። ክረምቱ ሳልለካው አለፈ። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። ነጎድጓዱ ባጉረመረመ ቁጥር እጄን ይበላኛል። ግን ራቴን ብቻዬን አልበላሁም፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ከጠባም በኋላ አልቀረልኝ። ጤፉ ማዘርዘር ጀምሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በበሽሎ በኩል ደመና ተነሣ። ሆዱ ነጭ፣ ግርጌው የጠቆረ። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አንዴ ጮኾ አያበቃም፤ እንደ ወፍጮ ሳያቋርጥ ያጓራል። በረዶ ነው። ዞር ስል አጥሩ ሥር ሕዝብ ቆሟል፤ ወንዱም፣ ሴቱም፣ የጽዋ ማኅበሩም ሴቶች። ሊቀመንበሩ ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ።

«መምህርት፣ እባክሽ ጣሳሽን አውጭልን» አሉኝ።

«የምን ጣሳ?»

«ዝናሙን እንዳሰርሽው በረዶውን እሰሪልን።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። «እናንተ ሰዎች አታፍሩም? ሰኔ ላይ አላስቀምጥ አላችሁኝ፣ ዛሬ ደግሞ እሰሪልን?» ሊቀመንበሩን በዓይኔ ፈለግሁት። «ጓድ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው አላልህም ነበር?»

«እሱ ስብሰባ ላይ ነው» አለኝ።

ይሄኔ እማማ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ጤፌ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያለችኝ እሷ ናት።»

«እማማ፣ አልችልም። እኔ እኮ እንደ እርስዎ ሰው ነኝ።»

«ግድ የለሽም፣ ለእኔ ስትይ።»

ቆሜ አሰብሁ። በረዶው ከወረደ አውቃ ለቀቀችብን ይላሉ። ካልወረደ ደግሞ አሰረችው ይላሉ። ከወረደ ጠላት፣ ካልወረደ ጠንቋይ። በየትም ዞሬ አላመልጥም። ደመናውን አየሁ፣ እማማን አየሁ። እሳቸው ለምነውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ገብቼ ጣሳውን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት፤ እንጨቱን በቆየ ጉድጓዱ መልሼ ተከልሁ፤ ጣሳውን አፉን ወደ ላይ አድርጌ አሰርሁ። ሥራው ያው ሥራ ነው። አጥሩ ሥር ያለው ሰው ተንጠራርቶ ያያል።

አንድ ጠጠር በረዶ ጣሳውን ቋ አደረገው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አለቀልን አልሁ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ፊቴን ሲገርፈኝ የነበረው ከጀርባዬ ይገፋኝ ጀመር። ማሠልጠኛም ሳለሁ ነፋስ እንዲህ ሲዞር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ያ ወፍጮ እያጓራ፣ እየራቀ ወደ ማዶ፣ ወደ ስማዳ አቀና። ወዲያው ከሸለቆው ማዶ እሪታ ተሰማ፤ የማዶው ሰው ጤፍ እየረገፈ ነበር። የእኛ ሰዎች እልል አሉ።

እኔ እሪታውን እየሰማሁ ለማዶዎቹ ባዝንም ለእማማ ደስ ብሎኛል። «ተረፈች፣ ጤፍዎ ተረፈች!» ብዬ ልስማቸው ዞርሁ። ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እንደገና ስጠጋ እንደገና አፈገፈጉ፤ ነጠላቸውን አደግድገው ለጥ ብለው እጅ ነሡኝ። ዓይናቸውን አየሁት። ፍርሃት ነበር።

ያን ማታ በሬ ተንኳኳ። እማማ እንዳይሆኑ ብዬ ጸለይሁ፤ እሳቸው አንኳኩተው አያውቁማ። ስከፍት በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ደጃፌ ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው ተመልሰው በራቸው ላይ ደርሰዋል።

«እማማ፣ አብረን እንብላ እንጂ!»

«እኔ በልቻለሁ» አሉ ሳይዞሩ። አልበሉም። በዚያ ሰዓት በልተው አያውቁም።

ሲነጋ ጣሳውን ፈታሁት። ጣሳ መሆኑን ይዩት ብዬ ውሃ ሞላሁበትና ለዶሮዎቻቸው በራቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ዶሮዎቹ ምን ገዷቸው፣ ተሽቀዳድመው መጠጣት ጀመሩ። እማማ ዘንግ ይዘው እየሮጡ ወጡ። «እሽ! እሽ!» እያሉ አንድ በአንድ አባረሯቸው፤ እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅር በይን፣ መምህርት፤ አያውቁም እኮ» አሉኝ፤ ስለ ዶሮዎቹ መሆኑ ነው።

ማታ ሳህኑ እንደገና ደጃፌ ላይ ነበር። ጨርቁን ስገልጠው ከእንጀራው ዳር ትልቅ ጉርሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንድ ብቻ። አነሣሁትና ራሴው ጎረስሁት።